የመኪናዋ ብርድ ልብስ

«ተይው ፈዲላ፣ እሱ የመኪናዋ ነው።»

ሙነወር ይህን የሰማው ጋራዡ ውስጥ፣ ከመኪናዋ ተነቅሎ ከተኛው የጣሪያ ክዳን ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የዙሪያውን ጎማ በደረቅ ጨርቅ ሲጠርግ ነው። አየር እንዲገባ ብሎ የላሜራውን በር ገርበብ አድርጎት ነበር። በክፍተቱ በኩል የታላቅ እህቱ የአሚናት ሻሽ ይታየዋል፤ ወደ ብርድ ልብሱ የተዘረጋው የልጇ የፈዲላ እጅም ይታየዋል። እነሱ ግን እሱን አላዩትም። የጥቅምት ማለዳ ነው፤ ከሐይቁ የሚነሳው ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ፈዲላ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ናት፤ በአንድ ስስ ነጠላ ተጠቅልላ ቆማለች።

«አንዱን ብቻ ብንወስደውስ እማ? ሁለት ደርቦ እኮ ነው የለበሰው።»

«ተይው አልኩሽ። ብርድ አይወድ ይሆናል። አጎትሽ እንደ ዓይኑ ነው የሚጠብቀው።»

«መኪናዋስ ውጭ አይደል የምታድረው?»

«ይሄ ክዳኗ ነው። ከእሷ ክዳኗ ይብሳል መሰለኝ።»

በድምጿ ውስጥ ፌዝ አልነበረም። ፌዝ ቢኖርበት ሙነወር ይናደድ ነበር፤ ተናዶም ይገላገል ነበር። አሚናት ግን ልጇን የምትመክረው ከምሯ ነው፤ ሰው ቤት ያረፈ ሰው የሰው ዕቃ እንዳይነካ እንደሚመከረው። እግራቸው ወደ ማድ ቤቱ ሲርቅ እስኪሰማ ድረስ ትንፋሹን ውጦ ቆየ። በገዛ ጋራዡ ውስጥ እንደ ሌባ ተደብቆ መቆየቱ የገባው ጉልበቱ ሲደነዝዝ ነው።

ሙነወር በሐይቅ ከተማ የሙሽራ መኪና ያለው ሰው ነው። ነጭ፣ አሮጌ፣ ወንበሯ ቀይ ቆዳ የሆነ፣ ጣሪያዋ የሚነሳ መኪና ናት። ሰርግ ሲሆን ጠንካራው ክዳን ተነስቶ ሙሽሮቹ ከኋላ ወንበር ብድግ ብለው ለከተማው እጃቸውን እያወዛወዙ እስከ ሐይቁ ዳር ይሄዳሉ፤ እዚያ ፎቶ ይነሳሉ። ከሰርግ ወደ ሰርግ ባለው ጊዜ ከወንበሩ ጀርባ ተጣጥፎ የሚቀመጠው የሸራ ጣሪያ ይበቃታል። ጠንካራው ክዳን ግን ሌላ ነገር ነው። ቢሰበር ምትኩ አዲስ አበባም አይገኝም። ኮምቦልቻ ያለው መካኒክ፣ ሀሚድ፣ ሲያስረክበው አያያዙን እንደ ሕፃን አያያዝ ነው የነገረው። ባዶ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥ፣ እርጥበት ይስባል። በኋላ መስታወቱ በኩል አይደገፍ። በላስቲክ አይሸፈን፣ ላቡ ታፍኖ ቀለሙን ያነሳዋል። የዙሪያው ጎማ ክብደት ከተጫነው ይላሽቅና ክረምት ላይ ውሃ ያስገባል። ሙነወር መጀመሪያ ከጋራዡ ጣሪያ ወራጅ እንጨት ላይ በሰፋፊ ቀበቶ ሰቅሎት ነበር፤ ወራጁን ምስጥ እንደጀመረው ሲያይ አወረደው። ካወረደው ወዲህ ለእንግዳ ተብሎ የተገዛው ስፖንጅ ፍራሽ ተነጥፎለት፣ ጎማው እንዳይጫን ዳርና ዳሩ በእንጨት ከፍ ተደርጎለት፣ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ለብሶ ጋራዡን ሞልቶ ተኝቷል። መኪናዋ ስፍራ ስለተነጠቀች ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ ታድራለች።

ይህ ሁሉ ሰላም በነበረ ጊዜ ማንንም አያስቸግርም ነበር። የሚስቱ የሰሚሃ እናት፣ ወይዘሮ ስህን፣ ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር ነሐሴ ላይ ከወልድያ ሸሽተው መጡ፤ የእንግዳ መኝታ ቤቱና ሳሎኑ ለእነሱ ሆነ። አሚናትና ፈዲላ ደግሞ ጦርነቱ ውጫሌ ሲደርስ ከሰሞኑ በእግርና በጭነት መኪና ሐይቅ ገቡ። የፈዲላ ባል ከብቶቹን ይዞ ወደ አምባሰል ተራራ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ሙነወር እህቱን በር ላይ ተቀብሎ አቀፋት፣ አለቀሱም። ከዚያ «ለጊዜው» ብሎ ከሳሎን ወደ ማድ ቤት በሚያወጣው ኮሪደር ላይ ምንጣፍ አነጠፈላቸው። አሚናት ግቢውን አየት አድርጋ፣ ጋራዡንም አይታ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። «ለጊዜው» የሚለው ቃል እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቀረ። ውሃ ሊቀዳ፣ ሽንት ቤት ሊሄድ፣ ማድ ቤት ሊገባ የሚወጣ ሁሉ ሁለቱን ሴቶች እየተራመደ ያልፋል፤ እነሱም እግራቸውን ሰብሰብ እያደረጉ «እለፉ፣ እለፉ» ይላሉ። የአሚናትና የሙነወር እናት ስትሞት እሱ ገና መቆም አልጀመረም ነበር። በጀርባዋ አዝላ፣ ጎረምሳ ሆኖ ለብቻው ሰፈር እስኪለይ ድረስ ያሳደገችው አሚናት ናት። ይህን ማንም አያነሳውም፤ እሷም አንስታው አታውቅም።

ወደ ማድ ቤት ሲገባ ሰሚሃ ሻይ ቀዳችለት። አሚናትና ፈዲላ በጓሮ በኩል ልብስ ሊያጥቡ ወጥተዋል። ሰሚሃ እሳቱን እየቆሰቆሰች ቆየችና «ፈዲላ ስትስል ነው ያደረችው» አለች።

«ብርድ ልብስ እኮ ገበያው ላይ ጠፋ። ያለውም እሳት ሆኗል አሉ» አለ ሙነወር።

ሰሚሃ ቀና ብላ አየችው። የተረፈውን ሻይ አመዱ ላይ ደፋችው። እናቷና እህቶቿ አልጋና ሶፋ ይዘው የእሱ እህት ሲሚንቶ ላይ ስለተኛች በዚህ ቤት የመናገር መብቷን ራሷ የቀነሰችው ይመስላታል፤ ሙነወር ይህን ያውቃል፣ ዝምታዋም ለጊዜው ተመችቶታል። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ለእሁድ ሰርግ ቀጠሮ አለ፣ የሙሽሪትን አባት አግኝቼ ልምጣ አላት። በልቡ ደግሞ ለራሱ ሲያስረዳ ነበር፦ ክዳኑን መልሼ መኪናዋ ላይ ብገጥመው ጋራዡ ባዶ ይሆናል፤ ግን ለእሁድ መልሶ መንቀል ሊመጣ ነው፤ መግጠምና መንቀል ሲደጋገም ይጭረዋል፤ ሰርጉ ይለፍና ያኔ እህቴን አስገባታለሁ። ነገሩ እንዲህ ሲደረደር ምክንያት ይመስላል።

አስፋልቱ ላይ ከውጫሌ በኩል የሚመጣው ሰው አላቋረጠም። ፍራሽ፣ ፍየል፣ የብረት አልጋ፣ ከላይ ደግሞ ሰው የጫነ አይሱዙ ወደ ደሴ ያልፋል። ባጃጆች ሦስት ትውልድ አንድ ላይ ጭነው ይንተፋተፋሉ። ትምህርት ቤቱ ቅጥር ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል። ሙነወር አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ጎረቤቱ ሽታው በሽቦ ያንጠለጠለውን ዓሣ ይዞ ከሐይቁ ሲመለስ አገኘው። ሽታው ዓሣ ነጋዴ ነው፤ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከሚስቱ ጋር ይኖራል። አሁን እዚያች ክፍል ውስጥ ከመርሳ የመጡ ዘመዶቹ አሉ፤ እነሱ ሲገቡ ደግሞ መንገድ ላይ ያገኟቸው፣ ማንም የማያውቃቸው ባልና ሚስት አብረው ገብተዋል።

«እንዴት ችላችሁት ነው የምታድሩት?» አለው ሙነወር።

«ተደርድረን ነዋ» ብሎ ሳቀ ሽታው። «አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም አብረን እንገላበጣለን። ግድ የለም፣ ይሞቃል። አንተማ ግቢህ ሰፊ ነው፣ አላህ ሰጥቶሃል። ብዙ ሰው አስጠግተህ ይሆናል።»

«ሞልቷል» አለ ሙነወር። «አፉ ድረስ ሞልቷል።»

«አላህ ይስጥህ» አለው ሽታው፤ የሙስሊም ጎረቤቱን ሲመርቅ ሁልጊዜ በእሱ አነጋገር ነው። ከሽቦው ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ፈታና በግድ አስያዘው። «ለእንግዶችህ። ከእኔ ያንተ ይበዛሉ።» ሙነወር ዓሣዎቹን ጭራቸውን ይዞ መንገድ ላይ ቀረ። ዓሣዎቹን ወስዶ የሚገላግለው ሰው ፈለገ። የተገኙት አንድ የጥበቃ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሰጣቸውና ምርቃታቸውን ሳይሰማ ሄደ።

የሙሽሪት ኑርሀያት አባት ሀጂ ዘይኑልአቢዲን የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ግቢያቸው ከገበያው በላይ ነው። ሙነወር ሲገባ ለሰርግ ተተክሎ የነበረው ድንኳን የለም፤ የካስማው ጉድጓድ ብቻ አፈር ላይ ቀርቷል። በረንዳው በማያውቃቸው ሴቶች ተሞልቷል፤ አንዷ ሕፃን ታጥባለች። ሀጂ ዘይኑልአቢዲን መጋዘናቸው በር ላይ ቆመው ጣቃ ጨርቅ ያስወጣሉ። ሲያዩት ፈገግ አሉና እጃቸውን ዘረጉለት።

«ሰው ልልክብህ ነበር፣ ወላሂ። መኪናዋ ቀርታለች፣ ሙነወር። ኒካሑን ብቻ አስረን ልጅቷን በእግሯ እንሸኛለን።»

«እኔ እንኳ አዘጋጅቻት ነበር ሀጂ። ክዳኗን አንስቼ...»

«አውቃለሁ። አትቀየመን። ግን አስበው፤ ሰው ጣሪያ አጥቶ ከተማው ሞልቶ፣ እኛ ደስ ይበለን ብለን ጣሪያ አንስተን ስንዞር እንዴት ይታያል? ሙሽሪት ናት እንቢ ያለችው። አፈርኩ አለች። ድንኳኑንም ለትምህርት ቤቱ ሰጠነው።» ቆየት ብለው እጁን ሳይለቁ «አሚናት መጣች አሉኝ። ውጫሌ ስሄድ ስንቴ ቤቷ በልቻለሁ። ደህና አረፈች?» አሉት።

«አልሃምዱሊላህ» አለ ሙነወር። «ደህና ናት።»

ከዚያ ግቢ ሲወጣ ምክንያቱ አልቆ ነበር። ሰርግ የለም፤ ክዳኑን መልሶ የሚያስነቅል እሁድ የለም። ቀጥ ብሎ ቤቱ ሄዶ ጋራዡን ቢከፍት ጊዜው ገና ረፋድ ነው፤ እህቱን ፀሐይ ሳለች ባስገባት ነበር። እሱ ግን ወደ ቤት አልሄደም። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ገብቶ ተቀመጠ፤ ሻይ ያዛል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሌላ ያዛል። ጎኑ ያሉ ሰዎች ስለ ጤፍ ዋጋ፣ የተኩስ ድምፅ ስለ መቅረቡ፣ ደሴ ላይ አንዲት ክፍል ስለምትጠየቀው ኪራይ ያወራሉ። ለምን እንደማይሄድ እያሰበ ቆየ። አሁን ክዳኑን ቢያነሳ፣ ትናንትም ከትናንት ወዲያም ማንሳት ይቻል እንደነበር ሁሉም ያያል። ሰሚሃ ታያለች፣ ወይዘሮ ስህን ያያሉ። አሚናት ታያለች። ነገሩን ማስተካከል ራሱ ጥፋቱን ማመን ሆነበት፤ ስለዚህ አንድ ነገር ተፈጥሮ እንዲያስገድደው ፈለገ፤ ዝናብ፣ የቀበሌ ትእዛዝ፣ የፈለገው ይሁን።

የተመኘው ነገር ቤቱ ጠበቀው። ከአሥር ሰዓት በኋላ ሲመለስ፣ ለተፈናቃይ ማረፊያ የምታፈላልገው የሰፈሩ ልጅ ሰርካለምና ሽታው ግቢው መሃል ከሰሚሃ ጋር ቆመዋል። ሰርካለም በዕድርም በለቅሶም ቀድማ የምትገኝ፣ ሰው ቤት ስትገባ ድምጿን ዝቅ የምታደርግ ሴት ናት። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ገብታ ሰላም ብላለች፤ ኮሪደሩንም አልፋበታለች።

«ሙነወር፣ አንተም ቤትህ እንደሞላ ሽታው ነግሮኝ ነበር» አለችው። «ትምህርት ቤቱ ግን አቅቶታል። አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ከባለቤታቸውና ከምራታቸው ጋር፤ አራስ ናት፣ ውጭ ነው ያሉት። ምናልባት ያቺ የጎን ቤት...» በዓይኗ ጋራዡን አሳየችው።

«ዕቃ አለበት።»

«ዕቃውን ጠጋ ብናደርገውስ? ብቻህን አይደለህም፣ እናግዝሃለን።»

ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሰሚሃ መሬት መሬት ታያለች። ልብስ ስትሰጣ የነበረችው አሚናት ከጓሮ ብቅ ብላ ቆማለች፤ ፈዲላ ከኋላዋ ናት። ሙነወር ቁልፉን አወጣ። የላሜራው በር ሲከፈት ጮኸ።

የማታዋ ፀሐይ ከጀርባቸው ስለነበረች ውስጡ ጨለም ብሎ ታያቸው። ስፖንጅ ፍራሽ፤ በላዩ ላይ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ዳርና ዳሩ በጥንቃቄ የተጠቀጠቀ፤ ከስሩ ደግሞ ከፍ ያለ፣ የተጠቀለለ ነገር። ሰርካለም እርምጃዋን ገታ አድርጋ ወደ ኋላ አለች። ሽታው ኮፍያውን አወለቀ።

«ይቅርታ» አለች ሰርካለም በሹክሹክታ፤ «የታመመ ሰው መኖሩን አላወቅንም።»

ሙነወር መናገር ነበረበት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተ። ያን ጊዜ የበሩ ነፋስ የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጥ አደረገው፤ የክዳኑ የኋላ መስታወት ፀሐይዋን ተቀብሎ ብልጭ አለ፣ ነጩ ቀለምም ታየ። ሽታው ኮፍያውን እጁ ውስጥ አዟዟረው፤ መልሶ ያድርገው አያድርገው ግራ የገባው ይመስላል።

አሚናት ከኋላቸው መጣች። እጇን ቀሚሷ ላይ እያደረቀች በመሃላቸው አልፋ ገባች፤ ጎንበስ ብላ የተገለጠውን ጫፍ ሸፈነችው።

«የታመመ የለም፣ እህቴ» አለች ለሰርካለም። «እኛ ነን እዚህ የምናድር፣ እኔና ልጄ። ቀን ቀን አቧራ እንዳይጠጣ ብዬ የመኪናውን ዕቃ በመኝታችን የምሸፍነው እኔ ነኝ። ወንድሜማ ተይው እያለኝ ነው። ዕቃውን ካነሳችሁት ሰው ይይዛል፤ እኛ የትም እንሆናለን።»

ሰርካለም ኮሪደሩ ላይ የተጠቀለለውን ምንጣፍ ተሻግራ ነው የመጣችው። የፈዲላን ነጠላ፣ ትራስ የተደረገውን ጆንያ አይታለች። ሽታውም አይቷል። ሰሚሃም አለች። ፈዲላ ራሷ እናቷን አፍጥጣ ታያለች። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ደግሞ እንዳላወቀ ሆነ። «እንደዚያ ነው» አለች ሰርካለም ቀስ ብላ። ሽታው «ብልህ ናት፣ አቧራ ክፉ ነው» አለ። የተባለውን ሁሉ ያሉት ለሙነወር ሲሉ ነው። ሙነወር የዕድሜውን ግማሽ በተሸከመችው እህቱ ውሸት ስር፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ እንደተኛው ክዳን፣ ተሸፍኖ ቆመ።

«እናንሳው» አለ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። «መኪናዋ ላይ ይገጠማል። አሁኑኑ።»

የመኪናዋን ሸራ ገፎ የጨርቅ ጣሪያዋን ወደ ኋላ ካጠፈ በኋላ በክዳኑ አራት ማዕዘን ቆሙ፤ እሱና ሽታው ከፊት፣ ሰሚሃና ሰርካለም ከኋላ። «በመስታወቱ አትያዙት» አላቸው፤ ይህን ማለቱ ደግሞ ወዲያው አሳፈረው። አንስተው በበሩ በጎን አሳልፈው ግቢው ውስጥ ተራምደው መኪናዋ ላይ አውርደው አስቀመጡት። መያዣዎቹን ቆለፋቸው፤ አንድ በአንድ ቀጭ ቀጭ አሉ። አለቀ። ጀበና ጥደው ቢሆን ውሃው ገና ባልሞቀ ነበር። ሽታው እጁን ሱሪው ላይ አራገፈና «ይሄው ነው?» ሲል ጠየቀ፤ ክፋት አልነበረውም፣ ገርሞት ነው። ሰርካለም ሽማግሌውን ላምጣ ብላ ሽታውን ይዛ ሄደች።

ጋራዡ ባዶውን ሲታይ ሰፊ ነበር። ሰሚሃ ጠረገችው፤ ፍራሹን ከግድግዳው አጠጋች፣ ብርድ ልብሶቹን ውጭ አራግፋ መለሰች። ሙነወር አሚናትን ቧንቧው አጠገብ አገኛት። ባልዲ ትሞላለች። ውሃው ቀጭን ስለነበር ባልዲው እስኪሞላ ብዙ ጊዜ አለ፤ እሱም ይህን ጊዜ እንዳይጠቀምበት ምክንያት አጣ።

«እታለም» አላት። «ግቡ። ቤቱ ለእናንተ ነው። ከመጀመሪያውም...» ወደ ባልዲው አጎነበሰ። «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ» አለች ወዲያው፤ እንደ ሰላምታ። ባልዲውን ትክክል አስቀመጠች። «ጋራዡን ግን ለመጡት ሰዎች ስጣቸው። አራስ አለች ተብሏል።»

«እናንተስ?»

«እኛ ያው ነን።»

«ፈዲላ ትስላለች፣ ወሯም ገብቷል። የእኛን መኝታ ቤት ውሰዱት። እኔና ሰሚሃ ኮሪደሩ ላይ እናድራለን።»

አሚናት ቧንቧውን ዘጋችው። ከመጣች ጀምሮ ፊት ለፊት ያየችው አሁን ነው። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ፈለገ፤ አላገኘም። ያገኘው ድካም ነው።

«ያን ማለዳ በር ላይ ስታቅፈኝ» አለች፣ «ይሄን ብትለኝ ሮጬ እገባልህ ነበር፣ የኔ አባት። ዛሬ ሰው ፊት ከዋሸሁ በኋላ ብገባ ሚስትህን ካልጋዋ ያስነሳኋት እኔ እሆናለሁ። ሰሚሃ ምን አጠፋች? ፈዲላን ብቻ ከአራሷ ጋር ጋራዡ ታድር፤ ለእሷም የሚያሟሙቃት ሴት ይሻላል። እኔን ኮሪደሩ አይጠበኝም።» ባልዲውን አነሳች። ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ አልከለከለችውም፣ አልሰጠችውምም። መያዣውን ሁለቱም ይዘው ግቢውን ተሻገሩ፤ ውሃው እየተረጨ የሁለቱንም እግር አራሰው።

ሰርካለም ሰዎቹን ይዛ ስትመጣ ፀሐይ ልትገባ ነበር። ሽማግሌው ሼህ ሙአዊያ ይባላሉ፤ ረጅም፣ ጥምጣማቸው በአቧራ የቀላ፣ በብትር የሚሄዱ። ባለቤታቸው የምራታቸውን ክንድ ይዘዋል፤ ምራታቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፋለች፤ ሕፃኑ ይሰማል እንጂ አይታይም። አሚናት ጋራዡ በር ላይ እንደ ባለቤት ቆማ ተቀበለቻቸው። አራሷን ደግፋ ፍራሹ ላይ አስቀመጠቻት፤ ሁለቱንም ብርድ ልብስ አንዱን በጀርባዋ፣ አንዱን በጉልበቷ አደረገችላት። ፈዲላ ጎኗ ተቀመጠች፤ ሁለቱ ወጣት ሴቶች ሳይተዋወቁ ሕፃኑን አብረው ጎንበስ ብለው አዩ።

ሼህ ሙአዊያ በሩ ላይ ቆመው ቤቱን ዞረው አዩት። «ሰው አስወጥታችሁ እንዳይሆን» አሉ።

«ማንም አልወጣም» አለች አሚናት። «ወንድሜ ነው፣ ለመጣ ሰው ብሎ ያዘጋጀው። እሱ ነው።» በእጇ ሙነወርን አመለከተች።

ሽማግሌው ብትራቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ወደ እሱ ዞሩ፤ ሁለት መዳፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ አነሱ። ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ እጁን ዘረጋ፤ ሰሚሃ፣ ወይዘሮ ስህን ከነልጆቻቸው፣ ሰርካለምና ሽታውም አብረው። ሼህ ሙአዊያ ድምፃቸው የደከመ ነው፤ ዱዓቸውን ግን አላሳጠሩትም። ቤትህ የሰው መጠጊያ ይሁን አሉ፤ ሁሉም አሚን አለ። ሳይጠየቅ የሰጠ ልብህን አላህ አያድርቀው አሉ፤ አሚን። በችግራችን ቀን እንዳላሳፈርከን አላህ በዱንያም በአኺራም አያሳፍርህ አሉ፤ አሚን። ሙነወር እጁን እንደ ሌላው ሰው ዘርግቶ ቆሟል፤ ከንፈሩ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሽማግሌው አስተዋሉትና ቆም አሉ፤ ምርቃት የሚቀበለው ሰው አሚን ካላለ ዱዓው ይጎድላል። መዳፋቸውን ሳያወርዱ ጠበቁት።

አሚናት ከጎኑ ነበረች። ወደ እሱ ሳትዞር «አሚን በል እንጂ፣ ሰውየው ደክሟቸዋል» አለችው፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ።

ሞከረ። ዓይኑን ወደ ቤቱ በር መለሰ። አሚናት ትንሽ ጠበቀችው፤ ከዚያ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረግ አድርጋ፣ ሁሉም እንዲሰማ ከፍ አድርጋ በእሱ ፋንታ «አሚን» አለች። ሼህ ሙአዊያም ዱዓቸውን ቀጠሉ።